የልጄን የሠርግ ድንኳን አዳራሽ ብሎ ለመዘገበው ጽሕፈት ቤት

ለወረዳችን የአየር ልኬትና ካርታ ጽሕፈት ቤት፣
ኮልፌ ቀራንዮ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች ሆይ፣ ጤናችሁ እንዴት ሰነበተ? እኛስ ከላይ ስንታይ ደኅና እንደምንመስል ተስፋ አደርጋለሁ። ስሜ ጀላል ሸምሱ ይባላል፤ ከአየር ጤና ብዙም ሳይርቅ የብረት በርና መስኮት ስሠራ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው።

ባለፈው ጥር ድሮን አብርራችሁ፣ ባነሳችሁት ፎቶ የሰፈራችንን ባለ ሦስት ገጽታ ካርታ ስለሠራችሁልን፣ ስህተቱም ከአምስት ሴንቲ ሜትር እንደማይበልጥ በስብሰባ ስላበሠራችሁን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በእኔ ሙያ አምስት ሴንቲ ሜትር የሳትኩ ዕለት በሩ አይገባም፤ ደንበኛውም ከሱቄ አይወጣም። ቅሬታዎቼም እነሆ፦

፩. ድሮናችሁ የበረረው ልጄ ኢክላስ በተዳረች ማግስት፣ ድንኳኑ ሳይነሳ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ የጻፋችሁልኝ ደብዳቤ ግቢዬ ውስጥ «ያለ ፈቃድ የተገነባ፣ ሰማያዊ ጣሪያ ያለው አዳራሽ» እንዳለኝ ነግሮኝ፣ በሰባት ቀን እንዳፈርሰው አዘዘኝ። ድንኳን አከራዮቹ ያኔውኑ በጥር በሃያ ደቂቃ ጠቅልለው መውሰዳቸውን ይቅር በሉኝ።

፪. ያው ደብዳቤ ወርክሾፔ ሦስት ሜትር ከሃያ ወደ መንገድ ገብቷልና ይፍረስ አለ። እዚህ ላይ ሳቄ ቆመ። ባለቤቴ ራህማ ዕቃ ማሸግ ጀመረች፤ አራቱ ሠራተኞቼም ዓይን ዓይኔን ያዩ ጀመር። ሜትሬን ይዤ ቢሯችሁ ብመጣ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ባለሙያ በታላቅ አክብሮት፣ «አባባ፣ ሞዴሉ አይሳሳትም፤ የተጠጉት እርስዎ ነዎት» አለኝ። ግድግዳዬ መሄድ መቻሉን ስለነገረኝ አመሰግነዋለሁ።

፫. ከመካከላችሁ አብራኝ ልትመጣ የፈቀደችው ናዝራዊት የምትባል ቀያሽ ብቻ ናት። ከበረራው በፊት ፎቶው ከመሬቱ ጋር እንዲገጥም ነጭ መስቀለኛ ምልክቶች ቀብታችሁ፣ ያሉበትን ቦታ ለክታችሁ መዝግባችሁ ኖሯል። በእኔ ደጃፍ የነበረው ምልክት ግን የለም። ግማሽ ቀን ፈልገን ያገኘነው በጎረቤቴ በአቶ ሁንዴ ኩሽና ጣሪያ ላይ ነው! የቀባችሁት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነበርና፣ ነፋስ ቆርቆሯቸውን እንዳይወስድባቸው እናንተ ከለካችሁ በኋላ፣ ከበረራው በፊት አንስተው ጭነውታል። እሳቸውም ደንግጠው፣ «ድንጋዩ የመንግሥት መሆኑን ማን ነገረኝ?» አሉ። ካርታው ድንጋዩን ተከትሎ ሄደ፤ የእኔም ወርክሾፕ ካርታውን ተከትሎ መንገድ ላይ ወጣ።

ናዝራዊት በመሣሪያዋ ከመሬት ደግማ ለካች። ወርክሾፔ ድሮ በነበረበት ቆሟል፤ ከመንገዱም ሁለት ሜትር ይርቃል። ሪፖርቷን አስገባች፣ የማፍረሻው ትእዛዝም ባለፈው ማክሰኞ ተሰረዘ። ራህማ ያሸገችውን ስትፈታ፣ አልዋሽም፣ የብየዳ መነጽሬን አድርጌ አለቀስኩ።

ድሮኑ ይብረር፤ አልቃወምም። ብቻ ወደፊት ምልክቱን ሰው በማያነሳው ነገር ላይ ቀቡልን፤ ቤት ከማፍረሳችሁም በፊት አንድ ሰው ሜትር ይዞ ብቅ ይበል።

ፈጣሪ ዓይናችሁን ከሰማይም ከምድርም ሳያጣላ እንዲያኖርላችሁ እየተመኘሁ፣ ካለሁበት አንዲት ሴንቲ ሜትር ያልተነቃነቅሁት አክባሪያችሁ፣

ጀላል ሸምሱ

ማስታወሻ፦ ናዝራዊት ያለ ፈቃድ ከቢሮ ወጥታ መስክ በመዋሏ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደደረሳት ሰማሁ። የመሬት ባለሙያ መሬት በመርገጡ የሚቀጣ ከሆነ፣ የሚሸለመው ማን እንደሆነ ንገሩኝና እንኳን ደስ ያለህ ልበለው።