ለመግባት ዝምታ፣ ለመውጣት ድምፅ

ለተከበሩ የተንቀሳቃሽ ስልክ ድርጅት የደንበኞች እርካታ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ ነስቼ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎስ? በተለይ ደግሞ ድምፅዎ እንዴት ነው? ድምፅዎን ለይቼ መጠየቄ ለክፋት አይደለም፤ በድርጅትዎ ዘንድ ሰው ድምፁን ያጣ ዕለት ምን እንደሚገጥመው በቅርብ ስላየሁ ሳስቼልዎ ነው። እኔ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ኮሌታ የምሰፋ ሴት ነኝ። እንደ እርስዎ ላለ ሰው ደብዳቤ ጽፌ ስለማላውቅ፣ ስፌቱ አንዳንድ ቦታ ጠመም ቢል እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ።

ቅሬታዬን ከመዘርዘሬ በፊት ምስጋናዬን ላስቀድም። አባቴን ሳንለምንዎና ደጅ ሳንጠናዎ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ አንዳች እንከን ሲገለገልበት ከነበረው ተራ የስልክ አገልግሎት አውጥተው «ቅርበት» ወደተሰኘው አዲስ ጥቅል አዛውረውልናል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባለው ለወቀሳ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለካ መሥሪያ ቤት ሲያደርገው ስሙ እርካታ ኖሯል።

ነገሩ እንዲገባዎ ስለ አባቴ ጥቂት ልንገርዎ። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የአውቶቡስ ረዳት ነበር። ከኋላ በር ሆኖ የአውቶቡሱን ብረት አንድ ጊዜ በመዳፉ ሲመታ ሾፌሩ ይነዳል፤ ሁለት ጊዜ ሲመታ ይቆማል። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑን ከነአንደበቱ ወሰደበት። የተረፈለት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «እሺ»። ውሃ ሲጠማው እሺ ይላል፣ ትራሱ ሲቆረቁረው እሺ ይላል፣ ሲናደድም ዓይኑን አፍጥጦ እሺ ነው የሚለው። ሐኪሙ እንደነገረን ቃሉ ከአፉ የሚወጣው ፈልጎት ሳይሆን ሌላ ስላጣ ነው። ስለዚህ በቤታችን የእርሱ «እሺ» እንደ መልስ አይቆጠርም፤ ፊቱንና ግራ እጁን እናያለን።

ከሕመሙ በኋላ ወደ ሥራ ልመለስ በተዘጋጀሁበት ጠዋት አባቴ ስልኩን በግራ እጁ አንሥቶ የእኔ ስልክ የተመዘገበበትን የአንድ ቁጥርን ቁልፍ ተጫነ። ስልኬ አንድ ጊዜ ጠራና ተዘጋ። የአልጋውን ብረት አንድ ጊዜ መታ። ቀጥሎ ሁለት ጊዜ አከታትሎ ደወለና ብረቱን ሁለት ጊዜ መታው። ወዲያው ገባኝ። አንድ ጥሪ «ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ» ነው፤ ሁለት ጥሪ «ቁሚ፣ ነይ» ነው። እኛ ክፍል አርባ የስፌት መኪና ባንድ ላይ ስለሚጮህ ጆሮ አይሰማም፣ ስልክ ማውጣትም ክልክል ነው። እኔ ግን ስልኬን በሽርጤ ኪስ አድርጌ ንዝረቱን በጭኔ እቆጥር ነበር። በየጠዋቱ አንድ ጊዜ ይደውልልኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ «ቁሚ» ብሎኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ አለቃዬን አስፈቅጄ፣ ሽርጤን ሳላወልቅ ሮጬ ደርሻለሁ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼ እነሆ።

አንደኛ። «ቅርበት» ጥቅል ውስጥ፣ ደንበኛው ደጋግሞ የሚያደርጋቸውን አጫጭር ጥሪዎች ለአንድ ሰዓት አሰባስቦ፣ ተቀባዩን እንዳይረብሹ በአንድ መልእክት የሚያደርስ አገልግሎት አለ። አሳቢነትዎን አደንቃለሁ። ለውጡ ሥራ ላይ በዋለበት ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ ከወትሮው ትንሽ ዘግይቶ አንድ ጊዜ ነዘረ። «ዛሬ እንቅልፍ ጥሎት አርፍዶ ነው» ብዬ ደስ አለኝ። ከጎኔ ለምትሠራው እጅጌ ሰፊም በምልክት «አባቴ ደህና ነው» አልኳትና ኮሌታዬን ቀጠልኩ። ከሥራ ወጥቼ በር ላይ ስልኬን ስከፍት መልእክትዎን አገኘሁት፤ «ውድ ደንበኛችን፣ ይህ ቁጥር ባለፈው አንድ ሰዓት ውስጥ ሰባት ጊዜ ሊያገኝዎ ሞክሯል። ቅርበት፣ ሁልጊዜ ከጎንዎ!» ይላል።

ሰባት ጊዜ፣ ክቡር ሆይ። አባቴ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ወድቆ የዳሌው አጥንት ተሰብሮ ነበር። ሰባት ጊዜ ከደወለ በኋላ ስልኩ ከእጁ አምልጦ ቁም ሣጥኑ ሥር ገብቷል። እስክመጣ ድረስ በቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ሲጠብቀኝ ዋለ። በሩን ስከፍት ቀና ብሎ አየኝና «እሺ» አለ። ያኔ የሰማሁት «እሺ» ምን ማለት እንደነበር ለእርስዎ የምጽፍበት ቃል የለኝም። ልጁ ሰምታ የቀረችበት መስሎት ሳይውል አይቀርም። እሱ ሲጠራኝ እኔ ደስ ብሎኝ ኮሌታ ስሰፋ ነበር።

ሁለተኛ። ስምምነቱን ከየት እንዳገኙት ለማወቅ ጓጉቼ የአባቴን ስልክ ስመለከት፣ ያልተከፈቱ ሦስት መልእክቶች አገኘሁ። ሦስቱም በጨዋ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው፤ ለውጡን የማይፈልጉ ከሆነ በሦስት ቀን ውስጥ «አልፈልግም» ብለው ይመልሱ፣ ካልመለሱ ግን እንደተስማሙ ይቆጠራል፣ ይላሉ። አባቴ ፊደል የቆጠረ ሰው ነበር፤ ከሕመሙ በኋላ ግን ጽሑፍ መሬት ላይ እንደ ፈሰሰ አዝራር ይበታተንበታል። ቢያነበውም «አልፈልግም» የሚለውን ከየት ያመጣዋል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ጥቅል እንደሚገባ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

ሦስተኛ። አባቴን ሆስፒታል አስተኝቼ ወደ አገልግሎት መስጫ ማዕከልዎ መጣሁ። ወንበሩ ምቹ ነው፤ ግድግዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ስልክ ይዘው የሚስቁበት ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ተራዬ ሲደርስ ያስተናገደችኝ ወጣት፣ ለእውነቱ ጨዋ ልጅ ናት፣ ቁጥሩ በአባቴ ስም ስለሆነ ለመውጣት «እሳቸው ራሳቸው በድምፃቸው ማረጋገጥ አለባቸው» አለችኝ። መናገር እንደማይችል ነገርኳት። አዘነችልኝ፤ ዝቅ ባለ ድምፅም «ትንሽም ቢሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። አዲስ የስልክ ካርድ ላውጣለት ብዬም ለምኜ ነበር፤ አዲስ ካርድ ሁሉ ከእንግዲህ «ቅርበት»ን ይዞ እንደሚወለድ ተነገረኝ። እንግዲህ ልብ ይበሉልኝ፤ ወደ ጥቅልዎ ለመግባት ዝምታ በቂ ነበር፣ ለመውጣት ግን ድምፅ ይጠየቃል።

ሌላ መንገድ ስላጣሁ ሆስፒታል ተመልሼ ወደ ድርጅትዎ ደወልኩና ስልኩን በአባቴ ጆሮ ላይ ያዝኩለት። ሠራተኛዎ ወደ ቀድሞው አገልግሎት መመለስ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቀው። አባቴ «እሺ» አለ፤ እኔም አስታማሚዎቹም ተደሰትን። ወይስ በ«ቅርበት» ላይ መቆየት ይሻልዎታል ሲለው አሁንም «እሺ» አለ። ካነጋገርኩዎ አይቀር አንድ ተጨማሪ ነጻ አገልግሎት ልጨምርልዎ ሲለው፣ አባቴ ላብ አጥምቆት፣ ግራ እጁን እያወራጨ፣ ሌላ ቃል ከጉሮሮው ለመጎተት እየታገለ «እሺ» አለ። እኔ ከጎን ሆኜ አይደለም፣ አይደለም እያልኩ ስጮህ፣ የሦስተኛ ወገን ድምፅ ማረጋገጫውን እንደሚያበላሽ በትሕትና ተገሠጽኩ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ አባቴ በየጠዋቱ «ንግግር የማሳመር ጥበብ» የተሰኘ ትምህርት በድምፅ ይደርሰዋል። ትናንት ስለ ቃላት አመራረጥ ተምሯል።

አራተኛው ቅሬታ እንኳ አይባልም። ድርጅትዎ በሚልክለት ሁሉ አባቴን «እርስዎ» ይለዋል። እኔ ልጁ «አንተ» ነው የምለው። ነገር ግን ትራሱን እንኳ ከማንሣቴ በፊት እጠይቀዋለሁ፣ ፊቱንም አይቼ መልሱን እጠብቃለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ካሣም፣ ስጦታም፣ የይቅርታ አበባም አልፈልግም። የአባቴን ሁለት ጥሪ ይመልሱልኝ። አሁን ቤት ገብቷል፤ አልጋው ላይ ነው። የፈቃድ ቀኖቼ የፊታችን ሰኞ ያልቃሉ፣ ካልገባሁም ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። የአከራያችን ባለቤት እግዜር ይስጣት፣ ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ልቀመጥለት ብላኛለች፤ ከዚያ በኋላ ግን አባቴ ከእርስዎ ጥቅል ጋር ብቻውን ነው። እኔም በሽርጤ ኪስ የሚነዝረው ስልክ አንድ ጊዜ ይሁን ሰባት ጊዜ ሳላውቅ ኮሌታ እሰፋለሁ። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህን በነገር ሸፍኜ አላልፈውም፤ በጣም እፈራለሁ።

ጆሮዎን ሰጥተው ይህን ያነቡልኛል በሚል ተስፋ፣ ላደረጉልን ቅርበት ሁሉ ወደፊት ትንሽ ራቅ እንዲሉን በታላቅ ትሕትና እየለመንኩ፣ ለድምፅዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።

ሳይጠየቅ የተስማማው ደንበኛዎ ልጅ፣
ኮሌታ ሰፊዋ

ከፊርማው በታች የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት፣ ጉዳዩ የእርሱ ነውና ለአባቴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት። በየአንቀጹ፣ እንደ ልማዱ፣ «እሺ» ሲል ቆየ። መጨረሻው ላይ፣ ሰው እንዳይቀየም ብዬ፣ «የሆነው ሆኗል፣ እኛም ከልባችን ይቅር ብለንዎታል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረበት። እዚያ ስደርስ አባቴ ዝም አለ። ያልሰማኝ መስሎኝ ደግሜ አነበብኩለት። ለሁሉ ነገር «እሺ» የሚለው አባቴ አፉን ገጥሞ ግድግዳውን አየ። ምሳ እስኪደርስ ጠበቅኩት። በእርስዎ ደንብ ቢሆን ተስማምቷል። በእኛ ቤት ግን ዐረፍተ ነገሩን ሰርዤዋለሁ።