ኃላፊነቱ እስከየት ነው

ቅዳሜ

ሆዳን አልፈረመችም። ጠበቃው ቢሮ እስክሪብቶውን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። «አደርን ሳልጠይቅ አልችልም» አለች። አደር የምትላቸው ታላቅ አጎቷን ነው።

ተናደድኩ። ድሬዳዋ ያደገች፣ ስንት ዓመት የሠራች ነርስ ለአንድ ፊርማ አጎት ታስፈቅዳለች? «አቦ አታካብጂው ትርሲት፣ ሁለት ቀን ነው» አለችኝ። ሁለት ቀን የለኝም እኮ! እዚህ ሶማሌዎች አገር የመኖሪያ ፈቃዴ ባመጣኝ የእርዳታ ድርጅት በኩል የወጣ ነው። ድርጅቱ ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል፤ ፈቃዱ ሐሙስ ያበቃል። እስከዚያ ወርክሾፑ በካምፓኒ ስም ካልተመዘገበ እኔ ወደ አገሬ፣ ወርክሾፑም ይቆለፋል። ሰው ሠራሽ እግር የሚጠብቁት ሰዎች ዝርዝር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የውጭ ዜጋ ብቻውን መመዝገብ አይችልም፣ ያገር ሰው ሸሪክ አምጪ ብለውኛል። ከሆዳን በቀር ሰው የለኝም።

የቀረኝ፦ የሆዳን ፊርማ። የሚኒስቴሩ ማኅተም። የኪራይ ውል ኮፒ (አለ)። ትዕግሥት (የለም)።

እሑድ

አጎቶቿ ሦስት ሆነው ወርክሾፑ ድረስ መጡ። የጋአን ሊባህ ሰፈር ባለሱቅ ሁሉ በር በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ሻይ አስመጣሁ። አደር የተሰቀሉትን እግሮች በከዘራቸው አንድ በአንድ መታ መታ አደረጓቸው። ከዚያ የካምፓኒውን ስም ይዘው ጠየቁ፤ ሆዳን ተረጎመች። «ኃላፊነቱ የተወሰነ ማለት ምንድን ነው?»

ደስ አለኝ፣ ሞኟ! ኮራ ብዬ አስረዳሁ። ካምፓኒው ቢከስርም ቢከሰስም ካለው ንብረት በላይ አይጠየቅም፤ የእኔም የሆዳንም ቤት አይነካም።

«ሰው እግርሽን አጥልቆ፣ ወድቆ ቢሞትስ?»

«ያው ነው» አልኩ።

ሻዩን ሳይጨርሱት ተነሱ።

በኋላ ነው ሆዳን የነገረችኝ። እዚህ የሰው ሕይወት ሲጠፋ የደም ካሳውን የሚከፍለው ያጠፋው ሰው ጎሳ በሙሉ ነው፤ ማግ ይሉታል። እኔ ጎሳ የለኝም። ሸሪኬ ሆዳን ከሆነች የሚጠየቁት እነሱ ናቸው። እኔ ደግሞ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ የማመልጥበትን በር አሳየኋቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ሰኞ

ዩሱፍ ወደቀ። ዳሚ ሰፈር የሚኖረው ጫማ ሰፊ፣ እግሩን ፈንጂ የወሰደበት፣ ባለፈው ወር አዲስ የገጠምኩለት። ቁልቁለት ሲወርድ ሰው ሠራሹ እግር ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተለያየ አሉ። ጭንቅላቱን ድንጋይ መታው። ሆስፒታል ነው፤ አልነቃም።

ወርክሾፑን ስከፍት ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የዩሱፍ ወንድም ነው አሉኝ። ስዘጋም እዚያው ነበር።

ማክሰኞ

ዛሬም አለ። ተሻግሬ «አሰላሙ አለይኩም» አልኩት። አልመለሰም። እዚህ ከተማ ሰላምታ የማይመልስ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

ሆስፒታሉ አላስገባኝም። ሆዳን ስልክ አታነሳም። ጠበቃው ዘንድ ሄድኩ። «ካምፓኒው ገና አልተወለደም፣ ስለዚህ ነገሩ በራስሽ ላይ ነው» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ድሃ ቤተሰብ ናቸው፤ ዝም ካልሽ ማንም አይጠይቅሽም። ካልሆነም ነገ ጠዋት ወደ አገርሽ ድንበር መኪና አለ።»

26 ጁን ሰፈር ያለችው ክፍሌ ገብቼ ሻንጣ አወጣሁ። ልብስ። ፓስፖርት። መፍቻዎቼ። አዎ፣ አሰብኩት። ፈሪ ነኝ።

አንድ ነገር ግን አልለቀኝም። አዲስ ብሎን አልመጣ ሲል ከአሮጌ እግር ላይ አንድ ነቅዬ ነበር። ለማን ነው የገጠምኩት?

ረቡዕ

መኪናው ሄደ። እኔ ሆዳን ቤት ሄድኩ። አደር አብረውኝ ዳሚ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። ከዘራቸውን አነሱ። ሆዳን ተከተለችን።

የዩሱፍ እናት የተገነጠለውን እግር በሻሽ ጠቅልለው አልጋ ሥር አስቀምጠውታል። ፈቱልኝ። ብሎኑ መሃሉ ላይ ተበጥሷል፤ ውስጡ ዝጓል። አሮጌው ብሎን ነው።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ከእኔ በቀር አሮጌውን ካዲሱ የሚለይ የለም። «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «አሮጌ መሆኑን እያወቅኩ ነው የገጠምኩት። ለሚመጣው ሁሉ እኔ እጠየቃለሁ።» ሆዳን ቃል በቃል ተረጎመችው። እናትየው እግሩን መልሰው በሻሹ ጠቀለሉት። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ወንድምየው በሩን ይዞ ቆሟል።

ውጭ ስንወጣ አደር፣ «ያልሽውን ወረቀቱ ላይ ጻፊው» አሉ።

ሐሙስ

ጻፍኩት። መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ አንድ አንቀጽ ተጨመረ፦ በሰው አካልና ሕይወት ላይ ለሚደርስ ጉዳት ትርሲት ያለ ገደብ ትጠየቃለች። ጠበቃው «አብደሻል? እንዲህ ያለ ነገር ዕድሜዬን ጽፌ አላውቅም» አለ። ሆዳን ፈረመች። አደር ምስክር ሆነው ፈረሙ። «ዩሱፍ ቢሞት እነዚያ ሰዎች ፊት ብቻሽን አትቆሚም ብለዋል» አለችኝ ሆዳን፣ ደረጃውን ስንወርድ። እዚያው አለቀስኩ።

ማኅተሙ ከቀትር በፊት ተመታ። ሠራተኛው «ማብሩክ» ብሎ ደስታውን ገለጠልኝ። ሆስፒታል ደወልኩ። አልነቃም።

ወርክሾፑ ስመለስ ወንድምየው ድንጋዩ ላይ ነበር። ሲያየኝ ተነሳ። መንገዱን ሲሻገር መሸሽም መቆምም አቃተኝ። ወርክሾፑ ገብቶ በሻሽ የተጠቀለለውን እግር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ወአለይኩም ሰላም» አለ። የማክሰኞውን ሰላምታ መለሰልኝ። ከዚያ እንዲገባኝ ብሎ፣ በሶማሊኛ ቀስ አድርጎ፣ «ሲነቃ ይፈልገዋል» አለኝ።

ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እኔም አዲስ ብሎን ፍለጋ ገበያ ወጣሁ።