ሰማንያ ስትገባ የምታጉረመርመው መኪና

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን

ይድረስ ለወለላዬ፣

እናትሽም እኔም በጤና አለን፤ መኪናዋም ቅዳሜ ዕለት ዳነች። አንቺ ግን ለአባትሽ ከደወልሽ ድፍን ሁለት ወር ሆነ። ለእናትሽ አጫጭር መልእክት ትልኪያለሽ፤ የእኔን ስልክ አታነሺም። ምክንያቱን እናትሽ የነገረችኝ ገና ቅዳሜ ነው። እመልስልሻለሁ፤ ግን ከመኪናዋ ካልጀመርኩ ነገሩ አይገባሽም። አባትሽ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄድ ቁም ነገር ላይ እንደማይደርስ መቼም ታውቂያለሽ።

ነገሩን እናትሽ የጀመረችው ከአራት ወር በፊት ነው። ወደ እህቷ ቤት ስንሄድ፣ አውራ ጎዳናው ላይ ወጥቼ ሰማንያ ስገባ፣ ይቺ መኪና ታጉረመርማለች አለችኝ። መንገዱ ነው አልኳት። በሳምንቱ ደገመችው፤ ነፋሱ ነው አልኳት። በሦስተኛው ጎማው አርጅቶ ነው ብዬ ጎሚስታ ቤት ወሰድኳትና የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አስቀየርኩ። ስንመለስ አሁንስ ብላት፣ እንዳለ ነው፣ እንዲያውም ብሶበታል አለች። ከዚያ ወዲያ ሬዲዮ ከፍቼ መንዳት ጀመርኩ። እሷ ስትዘጋው እኔ እከፍተዋለሁ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቼ፣ ሞተር ሳያስነጥሰው ገና ጉንፋኑን የማውቅ ሰው፣ መሪ ጨብጣ የማታውቅ ሴት ስለ መኪና ልታስተምረኝ ነው ብዬ አኮረፍኩ።

እሷም አላረፈችም፤ ሳታማክረኝ ቡሎንን ጠራችው። ቡሎን ያ መካኒኩ ነው፣ ቀጭኑ፣ በመፍቻ ካልፈቱት ከአፉ ቃል የማይወጣው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም ወጣን፤ እኔ መሪ ላይ፣ እሱ ጋቢና፣ እናትሽ ከኋላ። ሰማንያ ስገባ ማርሽ እንዳወጣ ነገረኝ። አወጣሁ። ድምፁ ስላልቆመ ሞተሩ አይደለም አለ። እኔም አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ቀጥሎ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እንድይዘው አደረገኝ። መኪና ስትታጠፍ ክብደቷን በተቃራኒው ጎን ላይ ትጥላለች፤ ያ ጎን የታመመ ከሆነ ድምፁ ይጨምራል፣ ሸክሙ ሲነሣለት ደግሞ ዝም ይላል። ይህን እኔ ራሴ ለስንቱ ሾፌር ያስተማርኩት ነገር ነው።

ወደ ቀኝ እንደያዝኩ፣ «አሁንስ ጋሼ፣ ጨመረ ቀነሰ?» አለኝ።

«ጨመረ» አልኩ።

እናትሽ ከኋላ ሆና፣ ጠጋ ብላ፣ «ጠፋ እኮ» አለች።

ወለላዬ፣ ቡሎን ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። በመስኮቱ በኩል እርሻውን ያይ ጀመር። እኔ ፊቴ እሳት ሆነ። ጨመረም ቀነሰም አልሰማሁም። ያን ዕለት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አራት ወር ሙሉ አንድም ቀን አልሰማሁትም። ሳልሰማው ነው መንገዱ ነው፣ ነፋሱ ነው ስል የከረምኩት።

ጋራዥ ገባን። ቡሎን የቀኙን የፊት ጎማ በክሪክ አነሣው፤ ከዚያ እጄን ይዞ ከጎማው በላይ ያለው ሞላ ላይ አስቀመጠልኝና ጎማውን በእጁ አሽከረከረው። መዳፌ ውስጥ አሸዋ የሚፈጭ መሰለኝ። የግራውን ሲያሽከረክርልኝ ደግሞ ውሃ ነው፣ ምንም የለበትም። ጎማውን ይዞ የሚዞረው ኩሽኔታ አልቆለት ኖሯል።

«ጋሼ፣ እጅዎ ዛሬም አይሳሳትም» አለኝ። ስለ ጆሮዬ ትንፍሽ አላለም። የተበላውን ብረት ፈትቶ ሲያሳየኝ ግን፣ ትንሽ ቢቆይ ጎማው እየሄድን ሊነቀል ይችል እንደነበር ነገረኝ። እናትሽን ከጎኔ አስቀምጬ ነው እንግዲህ በሬዲዮ እየጨፈርኩ የነዳሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናዋን ዳር አስይዤ አቆምኩና ለእናትሽ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ የበሩ ደወል እንደጠፋብኝ፣ ቀጥሎ በስልክ የሚያወራኝ ሰው ሁሉ ጥጥ ጎርሶ የሚያወራ እንደመሰለኝ። ታውቅ ኖሯል። እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩት አለችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና ያንቺን ነገር ነገረችኝ።

ከሁለት ወር በፊት ስትደውዪ የገባኝ ድምፅሽ እንጂ ቃልሽ አልነበረም። ደስ ያለሽ መሰለኝ። እኔም፣ «እሰይ የኔ ልጅ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አልኩሽ። ለካ ከባልሽ ጋር መለያየታችሁን ነው የነገርሽኝ። ሰውዬውን ከመጀመሪያውም ዓይኑን ማየት እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ አባቴ በቁስሌ ተደሰተ ብትዪ አልፈርድብሽም። አሁን ሳስበው፣ አንቺ ዝም ስትዪ እኔ ስለ ቲማቲም ችግኜ ወሬ ቀጥዬ ነበር። ይቅር በዪኝ።

ሐሙስ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለኝ። እናትሽ አብራኝ ትገባለች፤ ሐኪሙ ይሰማዎታል ወይ ሲለኝ እንዳልዋሽ ነው።

ሰምቼሽ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የማን ነው ብዬ አልጠይቅሽም ነበር። በልተሻል ወይ ነበር የምልሽ። ሲመሽ ማን ያጫውትሻል? እዚያ መቆየቱ ከከበደሽ ክፍልሽ እንዳለ ነው። እናትሽ የልብስ ስፌት መኪናዋን አስገብታበታለች፤ እሱን ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም፣ አወጣዋለሁ። መምጣት ካላሰኘሽም አልጫንሽም። ብቻ አትራቂኝ።

ፈጣሪ የተሰበረውን ልብሽን ይጠግንልሽ። ደግ ሰው አያሳጣሽ። ስትስቂ ለመስማት ያብቃኝ።

ሁሌም የምትናፍቂው
አባትሽ

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ለእናትሽ አነበብኩላት። ቀስ በል፣ ጎረቤት ይሰማል አለችኝ። እኔ በሹክሹክታ ያነበብኩ መስሎኝ ነበር።