ኢር የተባለው መንፈስ

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለትዕዛዙ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ወባው ማረህ ወይ? የጋምቤላ ሙቀት ከአጥንትህ ላይ ሥጋ አስቀርቶልህ ይሆን? አስተማሪ ሆነህ እዚያ ከተመደብክ ወዲህ ፀሐይ በጠነከረ ቁጥር እማማ ስምህን ይጠራሉ። እኔ ታላቅህ ጌታነሽ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ደህና አይደለሁም፤ ደህና ነን እያሉ መዋሸት ደግሞ አሁንስ ሰለቸኝ። ገብሱን ውርጭ በላው፣ በልጉም እስካሁን ጠብ አላለም። ግን ወረቀት ያነሳሁት ስለ ገብስ ላወራህ አይደለም። ስለ እኅታችን ስለ ጽናት ነው።

ትንሿ እኅታችን ስምንተኛን ስትጨርስ ወደ አንተ እንድንልካት፣ እዚያ ዘጠነኛ እንደምታስገባት ጽፈህ ነበር። አባባም በሰው አጽፈው "ደህና ናት፣ እናስብበታለን" ብለው መለሱልህ። ወንድሜ፣ ጽናት ጆሮዋ አይሰማም። ጭራሽ አይሰማም። እንዲህ ዱብ ማድረጌን ይቅር በለኝ፤ ዞር አድርጌ ልነግርህ ሞክሬ አቃተኝ።

ከኅዳር ሚካኤል ማግስት ራሴን ብላ ተኛች። ትኩሳቱ አነደዳት፣ አንገቷ እንደ እንጨት ደረቀ። ማጅራት ገትር መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። ተርፋ ቀና ስትል እልል ተባለ፤ ነገር የተበላሸው ከዚያ ወዲህ ነው። ሰው ሲያናግራት ዝም ትልና፣ ድንገት ድምጿን ከፍ አድርጋ "ኢር! ሂር! ፊር! ቲር!" ትላለች። እማማ አማተቡ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አማርኛም አይደል፣ ግዕዝም አይደል፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው ተባለና ጠበል ወሰዷት።

አጥማቂው መቋሚያቸውን ጀርባዋ ላይ እያሳረፉ "ስምህ ማነው? ተናገር!" ሲሉ፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየችና ጆሮዋን ይዛ "ኢር" አለች። በቃ፣ ስሙ ተገኘ! ሕዝቡ ሁሉ "ኢር ልቀቃት! ኢር ውጣ!" እያለ ጮኸ። ኢር የሚባል መንፈስ መንዝ ገባ ተብሎ ቀየት ገበያ ድረስ ተወራ፤ እናቶች ለልጆቻቸው ክታብ አሰሩ። ስቀህ እንደሆነ አልቀየምህም። እኔ ግን ያንን ጀርባ አጥቤዋለሁ፣ ሰንበሩን አይቼዋለሁ።

እኔ ባሌ ቤት ስለሆንኩ የደረስኩት ጠበሉ ዘንድ ነው። ገና ድምጿን ስሰማ ክው አልኩ። ክረምት ክረምት ስትመጣ በራፍ ላይ ተቀምጠህ የምታስጠናት ነገር ነው እኮ! ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፍና ኢር፣ ጆሮ ትላታለህ። ከፊቷ አንድ ፊደል ሲጨመርባት ሂር፣ መስማት ትሆናለች። ፊደሉን ስትቀይረው ፊር ፍርሃት፣ ቲር እንባ፣ ኒር ቅርብ። "ሁሉም ሆድ ውስጥ ጆሮ አለች" እያልክ ታስቃት ነበር፤ እኔም እህል እያበጠርኩ ከጎናችሁ ለቀምኩት። መሬቱ ላይ በጣቴ "አይሰማሽም ወይ?" ብዬ ጻፍኩላት። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ እሷም በጣቷ ጻፈች፤ ከቃላቱ አንዷ እንኳ ትሰማኝ እንደሆነ እየሞከርኩ ነው አለች።

ሐኪም ቤት ወሰድናት። በሽታው የመስሚያዋን ሥር በልቶታል፣ አይመለስም አሉን። ቶሎ ብትመጣ ኖሮስ ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። መልሱን ፈራሁ።

አሁን ትምህርቷን ትታለች። ድምጿን መመጠን ስላቃታት ልጆች ሲስቁባት አፏን ዘጋች። አባባ ደግሞ ራቤል ላለ አንድ ሰው ሊድሯት ቃል ሰጡ፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹ እሷን የሚያክሉ ሰው ነው። ሰርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። አባባን ጨካኝ አትበላቸው፤ እኔ ስሞት ማን ይይዛታል እያሉ ያለቅሳሉ። ያንን ሰው ግን እግዜር ይይለት። ሊያያት የመጣ ቀን "የማትሰማ ሚስት መልስ አትሰጥም፤ ምን ጎደለኝ?" ብሎ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ። ጽናት አጠገቡ ቆማ ጠላ ትቀዳለት ነበር። እሱ ሲስቅ እሷም ፈገግ አለች።

አታውቅም። ስለ ሰርጉ ፊቷ ቁጭ ብለው ያወራሉ፣ የድግሱን ጌሾ የምትወቅጠው ራሷ ናት። አንቺ ጻፊና ንገሪያት ይሉኛል፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ስለዚህ ና። ገንዘብ አትላክ፣ ደብዳቤ አትላክ፣ ራስህ ና። አዲስ አበባ ለማይሰሙ ልጆች ትምህርት ቤት አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አንተ ጠያይቀህ ታገኘዋለህ። እኔ ለምኜ ለምኜ ደከመኝ፤ እዚህ ቤት ጆሮ ያጣችው ጽናት ብቻ አይደለችም። አንተን ግን የመንግሥት ሠራተኛ ነህና ይሰሙሃል።

እማማ ዓይንህን ሳላይ አልሙት ብለው ሰላም ይሉሃል። አባባም ሰላም ብለውሃል፤ ምን እንደጻፍኩ አያውቁም። ባሌ አፈወርቅ እጅ ነስቷል፤ ለመንገዱ በቅሎ ይዤ እቀበለዋለሁ ብሏል። ይህን የምጽፍልህ እነ እማማ ቤት መጥቼ ነው፤ ጽናት ከጎኔ ተቀምጣ ነበር፤ ለአንተ መሆኑን ስታውቅ የእኔንም ሰላምታ ካላስገባሁ ብላ እስክሪብቶዬን ጎተተችው። በመሃሉ ጥጃው ተፈትቶ እማማ ሲጣሩ ወረቀቱን ጥዬላት ወጣሁ። ረስቼው ይሁን፣ እንድታነበው ብዬ ይሁን፣ እኔም አላውቅም። ስመለስ ከላይ እስከ ታች አንብባዋለች። አላለቀሰችም። ከወረቀቱ ግርጌ አንዲት ቃል ብቻ ጽፋለች። ውስጧ ያለችውን ጆሮ ለየኋት፤ ከፊቷ ያለችውንም ፊደል አወቅኋት። ፍርሃት ነው ብለህ ያስተማርካት ናት።

እኅትህ ጌታነሽ
ከቀየት፣ መንዝ
መጋቢት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

fear