ኮረብታው ላይ የቀሩት ርእሰ መምህርት፦ የሚስስ ሜቪስ ኦልድሮይድ የሕይወት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1946፣ ማክሰኞ ቀን፣ በሄልምሮይድ ከተማ ዝናብ ዘንቦ እንደነበር በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን። በዚሁ ዕለት ሚስስ ሜቪስ ከአባታቸው ከሱፍ ፋብሪካ ሸማኔው ከሚስተር አርኖልድ ክራብትሪ እና የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ከነበሩት ከእናታቸው ከሚስስ ኢዲት ተወለዱ።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሞላቸው እንደ ከተማው ልጅ ሁሉ ለፈተና ተቀመጡ። ያለፈ ኮረብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ይወጣል፤ የወደቀ ወንዙ ዳር ወዳለው ይወርዳል። ሜቪስ ወጡ። ታናሽ እህታቸው ዶሪን፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እናት፣ ወረዱ። ሁለቱ እህትማማቾች ጠዋት ጠዋት ከአንድ በር ወጥተው ጥጉ ላይ ሲደርሱ ይለያዩ ነበር። በቤት ውስጥ ይህ ጉዳይ ተነሥቶ አያውቅም።

ሚስስ ሜቪስ በሊድስ ታሪክ አጥንተው በ1968 በተማሩበት ትምህርት ቤት መምህርት ሆኑ። በ1973 የታችኛው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹም መምህራኑም ወደ ኮረብታው ወጡ። በወረቀት አንድ ትምህርት ቤት ተባለ። በመምህራኑ ማረፊያ ክፍል ግን ሁለት የሻይ ማፍያ ነበር፤ አንዱ የላይኞቹ፣ አንዱ የታችኞቹ። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ደግሞ የላቲን መምህሩ የሚስተር ፈርዝ ነበር። አንድ አዲስ መምህር ሳያውቅ ቢቀመጥበት «ወንድሜ፣ እዚያ ሰው አለበት» ተባለ። «የት ሄዶ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ወደ ሌላ ወንበር መሩት። ሚስተር ፈርዝ ከሞቱ ዓመታት አልፈው ነበር።

በ1975 ሚስስ ሜቪስ ከቧንቧ ሠራተኛው ከሚስተር ክሊፎርድ ኦልድሮይድ ጋር ትዳር መሥርተው ሮዛሊንድን ወለዱ። ሚስተር ክሊፎርድ «እሷ ያገባችው ትምህርት ቤቱን ነው፤ እኔ የምጠራው ቧንቧ ሲፈስ ነው» ይሉ ነበር።

በ1991 ርእሰ መምህርት ሆነው በተሾሙ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም ማፍያ ጥለው አንድ ትልቅ ገዙ፤ ወንበሩም ላይ ተቀመጡ። «ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ተመልሶ አይመጣም» አሉ። ከታችኞቹ አንዲት መምህርት እስከ ጡረታዋ ድረስ ሻይዋን ከቤት በፔርሙዝ አመጣች።

በኋላ በጎረቤት ከተማ መዋኛ ገንዳ ያለው፣ ባለመስታወት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ኮረብታው ላይ ክፍሎች አንድ በአንድ ይቆለፉ ጀመር። በ2009 ምክር ቤቱ፣ የከተማው ወላጆች ልጆቻቸውን ካልላኩ ትምህርት ቤቱ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በየመስኮቱ «ትምህርት ቤታችንን አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ሚስስ ሜቪስ ቤት ለቤት እየዞሩ ለመኑ። ሁሉም ሻይ እየቀዱ «ሜቪስዬ፣ ነፍሳችን እኮ ነው፤ ልጁስ ሌላ የት ይሄዳል?» አሏቸው። እርሳቸውም አመኑ።

ትምህርት ቤቱ በ2010 ክረምት ተዘጋ። ሚስተር ክሊፎርድ በ2016 ቀደሟቸው። ሚስስ ሜቪስ በሳንባ ሕመም ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2023 ዐረፉ። ልጃቸውን ሮዛሊንድን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን እና እህታቸውን ዶሪንን ትተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በማይዘጋ ቤት ያሳርፍልን።

በአልጋ ላይ ሳሉ «ቀብሬ ላይ ሁሉም ይመጣሉ። ያቺን ሐሙስ ሳታነብላቸው እንዳትቀር» ብለው የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ ስላዘዙ፣ ይኸው ይነበባል።

ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት፣ በዚያች ሐሙስ የምክር ቤቱ ተወካይ ሕዝቡን ሊሰሙ ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ መጡ። ሰው ሞልቶ በግድግዳው ሥር ቆመ። ያለቀሱም ነበሩ። ተወካዩ ውሳኔው ቢዘገይ ልጆቻችሁን እዚህ ትልካላችሁ ወይ ብለው ብዕራቸውን አነሡ። ዛሬም ከእኛ ጋር ያሉት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሚስተር ሰግደን ተነሥተው «የሄልምሮይድ ልጅ ከዚህ ኮረብታ የትም አይሄድም» አሉ። ተጨበጨበላቸው።

ጭብጨባው ሳያልቅ ከጎረቤት ከተማ የሚመጣው የተማሪዎች አውቶቡስ በሩ ላይ ቆመ። ወላጆቹ ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ስለነበሩ ቤት የሚከፍት አልነበረም። ልጆቹ የዚያኛውን ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ እንደለበሱ ተከታትለው ገቡ። ሚስስ ሜቪስ የመጨረሻው እስኪገባ በሩን ይዘውላቸው ቆሙ።

የፊተኛዋ ልጅ በወንበሮቹ መሃል አልፋ ሚስተር ሰግደን አጠገብ ቆመች።

«አባዬ፣ ቁልፉን» አለች።

ሚስተር ሰግደን ኪሳቸውን ዳሰሱ። ተወካዩ ብዕራቸውን ከደኑ።