ያጠፋሁት መስመር

አምቦ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፤

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ እንደሚነሣብዎት ስለማውቅ ዝናቡ በጀመረ ቁጥር እርስዎን ነው የማስበው። እዚህ ሁሉካ ወንዝ ሞልቶ ሰው ድልድዩ ላይ ቆሞ ሲያየው ይውላል፤ እናንተ ደጋ ያላችሁት እንዴት እንደሆናችሁ እንጃ። ዓይንዎስ? ያ መነጽር ተቀየረ ወይስ አሁንም እጀታውን በክር አስረው ነው የሚያነቡት? ልጅቷስ ደህና ናት? ጥርስ አወጣች? እኔ ጌታ ይመስገን አለሁ። እበላለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ።

ልጅዎ ለንሳ «እማ» ስትልዎት እየሰማሁ እኔም እማ ማለት ለምጄ ነበር። ዛሬ ለዚያ ድፍረቱ ስለሌለኝ እናቴ ብዬ ጀመርኩ፤ ይሄም በዝቶብኝ ይሆናል። ደግሞ እኔና እርስዎ ስናወራ በኦሮምኛ ነው፣ ዛሬ ምን ነክቶት ነው በአማርኛ የሚጽፍልኝ ይሉ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ስላስተማሩ ብቻ አይደለም። በኦሮምኛ አራት ጊዜ ጀምሬው «ሃዻ ኮ» ብዬ እናቴን ከመጥራት ማለፍ አቃተኝ፤ እንባዬ ይቀድመኛል። አማርኛው የማመልከቻና የሪፖርት ቋንቋዬ ስለሆነ ነው መሰለኝ እጄ ታዘዘልኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ኦቦ ጉደታ ደውለውልኝ ነበር። ወንድምዎን ያውቋቸው የለ፣ ነገር መሸፋፈን አያውቁም። እህቴ ልጅህን መጥተህ ውሰድ ብላለች አሉኝ። «እናቷን ቤቴ ጠርቼ የገደልኳት እኔ ነኝ፣ ይቺን ደግሞ በዚህ እጄ አላሳድግም፤ አባቷም ዓመት ሙሉ ደጄን ያልረገጠው ይህንኑ ስለሚያውቅ ነው፣ ተቀይሞኛል፣ እውነቱን ነው» ትላለች አሉኝ። ምን እንደመለስኩላቸው አላስታውስም።

ኧረ እናቴ! እኔ እርስዎን ልቀየም? ያልመጣሁት ስላፈርኩ ነው። የማፍረውን ነገር ደግሞ እርስዎ አያውቁትም፤ ልነግርዎት ነው የተቀመጥኩት። እንደ ድሮ ተማሪዎ ቆጥረው እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ እንጂ መሐል ላይ አይቅደዱብኝ።

ሥራዬን ለንሳ «ሳጥንና ቀስት ሲስል ይውላል» እያለች ነበር የምትነግርዎት፤ ስታሾፍብኝ ነው፣ ግን ውሸት የለውም። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኮምፒውተር ላይ የሚስሉበት መሣሪያ ነው የሠራሁት። ፕሮግራም መጻፍ የማይችል ሰው ሥራው እንዴት እንደሚሄድ በሥዕል ያስቀምጣል፤ የእርጉዟ ቤት አንድ ሳጥን፣ ጤና ጣቢያው አንድ ሳጥን፣ ሆስፒታሉ አንድ ሳጥን፣ ከዚህ ወደዚያ ቀስት። ሥዕሉ ሲያልቅ ፕሮግራሙ ከሥዕሉ ይወጣል፤ ማን፣ ማንን፣ መቼ ሄዶ እንደሚያይ በየእጃቸው ባለው ታብሌት ላይ ይመጣላቸዋል። የምታሠጋ እናት ስሟ ቀይ ይሆናል፣ ሄደው ሲያይዋትና ደህና ስትሆን አረንጓዴ። ሥራውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ እነሱ ይሳሉት የሚል ነበር ሐሳቤ። በዚህ ነገር እንዴት እኮራ እንደነበር ለንሳ ነበረች የምታውቀው።

ሥልጠናው እዚሁ አምቦ አዳራሽ ተከራይተን ሦስት ቀን ነበር። ከእንጭኒም ከሌላውም ወረዳ መጥተዋል። ከእናንተ የመጣችው ደብሪቱ ናት፤ ያቺ ክረምት ከበጋ ጥላ ከእጇ የማይለይ የቀበሌያችሁ ሠራተኛ። ሁሉም የተሰጣቸውን ሲስሉ እሷ አንድ ተጨማሪ ሳጥን አስገብታ «የእናቷ ቤት» ብላ ጻፈችበት፤ ከባልየው ቤትም ወደዚያ ቀስት ጎተተች። ሴቲቱ የበኩር ልጇን ልትወልድ እናቷ ጋ ትሄዳለች፣ ስሟም አብሯት ይሂድ አለች። ኮምፒውተሩ እምቢ አላት። እምቢ ያላት እኔ ከሥር አንዲት እናት በአንድ ቀበሌ ብቻ ትመዘገባለች የሚል ሕግ ስላስገባሁበት ነው። ያንን ለመቀየር ደግሞ ሦስት ሳምንት ይፈጃል ብዬ ገመትኩ፤ ለአለቆቼ የማሳየው በሚቀጥለው ሰኞ ነበር።

እናም አጠገቧ ቆሜ፣ እያየችኝ፣ መስመሯን አጠፋሁት። ለምን ስትለኝ ይሄ ባህል ነው እንጂ የሥራ ሂደት አይደለም አልኳት። ሥዕሉንም ያዘበራርቅብናል አልኩ። አዳራሹ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ደብሪቱ ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና የቀረውን እንዳዘዝኳት ሳለች።

ፈረንጅ ቢሠራው እሺ፣ አገሩን አያውቅም ይባላል። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ሰው! የእኔም እናት እኔን የወለደችው አያቴ ቤት ነው። ያን ቀን ደግሞ ለንሳ የሁለት ወር እርጉዝ ነበረች፤ የት እንደምትወልድ ከሠርጋችን በፊት ተነጋግረን የጨረስነው ነገር ነው። ቤቴ ስገባ ስለ ሥልጠናው ጠየቀችኝ፤ ግሩም ነበር አልኳት።

ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ እዚህ ታይታ ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፣ በየሁለት ቀኑ ይለካ ተባለ። ስሟ ቀይ ሆነ። ለእማ እንዳትነግራት፣ ስትጨነቅ ታድራለች ብላ አስማለችኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። እሑድ ወደ እርስዎ ስትመጣ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። መኪናው እስኪሞላ መስኮቱ ሥር ቆሜ ስናወራ የተናገርነው ሁሉ ተራ ነገር ነበር፤ የክረምት ልብስ፣ የሕፃን ፎጣ፣ የእርስዎ የጉልበት ቅባት።

ረቡዕ ዕለት ቢፍቱ የምትባል የእኛ ቀበሌ ሠራተኛ ታብሌቷን ይዛ በሬን አንኳኳች። ሚስትህ ቀይ ሆናብኛለች፣ የት ናት አለችኝ። ሸነን ሄዳ እናቷ ጋ ናት፣ ትናንት ደውላለች፣ ደህና ናት አልኳት። እሺ፣ ታዲያ ስሟን እዚያ ላለችው ሠራተኛ እንዴት ነው የማስተላልፈው አለች። ታብሌቱን ተቀበልኳት። የሠራሁት ሰውዬ እኔ፣ በገዛ ቤቴ በር ላይ ቆሜ፣ የማስተላለፊያውን መንገድ ፈለግሁት። የለም። መስመሩ የነበረበትን ቦታ እንኳ አውቀዋለሁ።

ቢፍቱ ቆማ ትጠብቀኛለች። ስሙ ቀይ ሆኖ ከከረመ በግምገማ የምትጠየቀው እሷ ናት፤ አዘንኩላት። በይ አንቺ ታይታለች በይና ዝጊው፣ እዚያ ላለችው እኔ ደውዬ እነግራታለሁ አልኳት። አመነታች። የት እንደሚነካ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ስሟ አረንጓዴ ሆነ፣ አመስግናኝ ሄደች።

ለደብሪቱ ግን አልደወልኩም። ለራሴ ኔትወርክ የለም አልኩት፣ በማግሥቱ ስብሰባ አለብኝ አልኩት፣ ከዚያ ረሳሁት አልኩት። ለእርስዎ ግን አልዋሽም፤ ቁጥሯ ስልኬ ላይ ነበር። አፍሬ ነው። በሰው ፊት የሳቅሁባትን መስመር በስልክ ልለምናት ነው ብዬ፣ ምን ትለኛለች ብዬ ነው። ለዚህች ለማትረባ ኩራት ነው ልጅዎን የሰጠኋት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እርስዎ ያውቁታል። ራስ ምታት ሲጀምራት ጤና ጣቢያ እንሂድ ብለዋት ነበር፤ አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ። በለቅሶው ሰሞን እጄን ይዘው የነገሩኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። «የሚያሠጋ ነገር ቢኖር ሠራተኞቹ ራሳቸው ይመጡ ነበር፣ ባሌ የሠራው ነገር እኮ ነው፣ ያውቀኛል» አለችኝ ብለው ነገሩኝ። እርስዎ የነገሩኝ ሊያጽናኑኝ፣ ምን ያህል እንደምትኮራብኝ እንዳውቅላት ነበር። ደብሪቱ በዚያው ሳምንት በደጃፋችሁ ሦስት ጊዜ አልፋ ሌሎች እርጉዞች ጋ ሄዳለች፤ የለንሳ ስም እጇ ላይ አልነበረም። ለንሳም በአጥር ሥር ስታልፍ እያየቻት ካልገባችማ ደህና ብሆን ነው ብላ ተቀመጠች።

ባንዘፈዘፋት ዕለት ተሸክማችሁ ጤና ጣቢያ አድርሳችኋት ልጅቷን ከወለደች በኋላ ወደ አምቦ ሲልኳት፣ እኔ ጉደር አስፋልቱ ላይ ቆሜ ነበር አምቡላንሱን የምጠብቀው። ቀስ ብሎ ሲመጣ አየሁት። የሚጮኸው ነገር ጠፍቷል። ያኔ ነው ያወቅሁት።

ስለዚህ እናቴ፣ እባክዎ፣ በሞቱት ሁሉ ይሁንብዎ፣ ጠርቼ ገደልኳት አይበሉ። እርስዎ ልጅዎን ቤትዎ ጠሩ፤ እናት የምታደርገውን አደረጉ። ጤና ጣቢያ አልሄድም ያለችዎት እኔን አምና ነው። እርስዎ ዓመት ሙሉ ራስዎን ሲከሱ እኔ ዝም ብዬ ከሥሩ ተጠለልኩ። ከኦቦ ጉደታ አፍ እስክሰማ ድረስ አላወቅሁም ልል እችል ነበር፤ ግን በለቅሶው ጊዜም ደረትዎን እየመቱ ምነው ባልጠራኋት ሲሉ ሰምቼአለሁ። ሰምቼ ፊቴን አዞርኩ። ከሁሉም ይሄኛው ነው የሚያንገበግበኝ።

ሐሙስ ዕለት ደብሪቱ ጋ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። መስመሩን መልሰው ብቻ አለችኝ። መለስኩት። ሦስት ሳምንት ይፈጃል ብዬ የፈራሁት ሥራ አራት ቀን ወሰደ። አራት ቀን ብቻ! ትናንት ለአለቆቼ ምን እንዳደረግሁ ጽፌ አስገባሁ። አንደኛው አስጠርቶኝ ማንም ያላወቀውን ነገር ምን አስቆፈረህ፣ ሐዘን ነው እንዲህ የሚያደርግህ አለኝ። ደብዳቤውን አልመልስም አልኩት። ከዚህ በኋላ የሚያደርጉኝን እነሱ ያውቃሉ፤ ብቻ እርስዎ ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ እንዲሰሙት ብዬ ነው የቸኮልኩት።

ልጅቷን ልወስድብዎት አልመጣም። እጅዎ ምንም አላደረገም፤ እኔም እንዲህ አድርጌ ማሳደግ አልችልም። ግን ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። ደብዳቤውን አስቀድሜ የላክሁት ፊት ለፊት ቆሜ እንዳልዋሽዎት ነው፤ ሳይዎት ፈሪ እሆናለሁ። አንብበው በር ባይከፍቱልኝ አይፈረድብዎትም፤ ቢረግሙኝም ተቀብዬ እሄዳለሁ።

ጌታ ጉልበትዎን ያበርታልዎ፣ ዓይንዎን ያብራልዎ፣ እንቅልፍዎን ይመልስልዎ። ያንን ልጅ ያቀፈ ክንድዎ አይዛል። ኦቦ ጉደታንም ስለ እኔ ይሳሙልኝ፤ በክፉ አይዩኝ ይበሉልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ትናንት ከቢሮ ከመውጣቴ በፊት የለንሳን መዝገብ ከፈትኩት። እስካሁን አረንጓዴ ነበረ፤ ዓመት ሙሉ ደህና ናት እያለ። አንድ በአንድ አስተካከልኩት። ታይታለች የሚለውን አልታየችም አልኩት። የዘጋው ሰው በሚለው የቢፍቱን ስም አውጥቼ የራሴን ጻፍኩ። ያረፈችበትን ቀን ሞላሁ። ሕፃኑ በሕይወት አለ ወይ ይላል፤ አዎ አልኩ። ጾታ፣ ሴት። ከዚያ የሕፃኑ ስም የሚል ባዶ ሳጥን መጣ፤ ብዙ ቆየሁበት። አላውቀውም፣ እናቴ። ኦቦ ጉደታ ሊነግሩኝ ሲሉ ሁለት ጊዜ ስልክ ዘግቼባቸዋለሁ፤ ስሟን ከሰማሁ ሳላያት መኖር አልችልም ብዬ። ባዶውን ትቼው ወጣሁ። ቅዳሜ በሩን ባይከፍቱልኝም ከውስጥ ሆነው ስሟን ብቻ ይንገሩኝ፤ ሰምቼ እመለሳለሁ።

የልጅቷ አባት