እባክዎ ትከሻዋን አያቃኑት

ለተከበሩ የአልባሳት ሙዚየም ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ ይብዛ፣ ወንበርዎም አይነቃነቅ እላለሁ፤ መቀስዎ ግን፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ትንሽ ይደንዝ። እኔ እየፈራሁም ቢሆን አለሁ። ይህችን የምጽፍልዎ በሬን ቆልፌ ነው።

በመግቢያዎ መስታወት ውስጥ የቆመውን፣ ኮሌታው ወደ ግራ ዘንበል ያለ ሰማያዊ ቀሚስ ያዋስኳችሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰፈርተኛው እትዬ ዘንባላ ይለኛል። ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ሰምቻለሁ።

አንደኛ፣ ከቀሚሱ ሥር «ሠሪው ያልታወቀ» ተብሎ ስለተጻፈልኝ አመሰግናለሁ። ቀሚሱን ልትወስዱ ስትመጡ ቤቴን አጥታችሁት አልነበረም፤ ስሜ መንገድ ላይ ወድቆ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ አስጎብኚዎ ኮሌታው የምትበር ወፍ ታስባ የተሠራ ነው ሲል ቆሜ ሰማሁ። ደስ የምትል ወፍ ናት! እኔ በወረቀት ልክ አውጥቼ አላውቅም፤ ጨርቁን ባለቤቱ ላይ ጥዬ እዚያው ነው የምቆርጠው። ታላቅ እህቴ ግራ ትከሻዋ ዝቅ ያለ ነበርና፣ ሰው እንዳያፈጥባት ኮሌታውን አዘነበልኩት። ለብሳው ስትወጣ ሰው ትከሻዋን ትቶ ኮሌታዋን አየ። ትከሻቸው የተስተካከለ ሴቶች ሁሉ ይኸው ይሰፋልን ብለው በሬ ላይ ተሰለፉ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ ትልልቆቹ ሱቆች ተከትለው ገቡ፤ እኔም እዚያው የስፌት መኪናዬ ላይ ቀረሁ።

ሦስተኛ፣ ቀሚሱ ልብስ ማሳያው አሻንጉሊት ላይ ተንጋዶ ስለቆመ፣ «የሰፊው ስህተት» ከቅዳሜው የክብር መክፈቻ ሥነ ሥርዓት በፊት በመቀስ እንዲስተካከል አዝዘዋል አሉ። ጌታዬ፣ ስህተቱ እህቴ ናት። ፎቶ መነሳት ትጠላ ስለነበር ከሞተች ወዲህ አንድ ምስል እንኳ የለኝም። የገላዋ ቅርጽ የቀረው እዚያ ጨርቅ ውስጥ ብቻ ነው። ሳይነካ ይመልሱልኝ፤ ስሜን ከፈለጉ ይተዉት።

አራተኛ፣ እርስዎ ዘንድ በምትሠራው ልጄ በኩል እናትሽ አርፋ ትቀመጥ የሚል ምክር ስለላኩልኝ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ዝም አይነቅዝም ማለትዎ ነው፤ ጨርቅ ግን ብል ይበላዋል። ልጄን ከሥራ ያባርሯታል ብዬ በጣም እፈራለሁ። ዝም ብል ደግሞ እህቴን ሁለተኛ መቅበሬ ነው ብዬ ከዚያም ይልቅ እፈራለሁ። ይህን ስነግራት እስክሪብቶውን ያመጣችልኝ ልጄ ራሷ ናት።

ከነፍርሃቴ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
ያልታወቅሁት ሠሪ፣ እትዬ ዘንባላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መቀሱ ደብዳቤዬን ቀድሞት ከሆነ ቀሚሱን ያስቀሩት፤ እንግዲህ የእርስዎ ሥራ ነውና ስምዎን ይጻፉበት። የተቆረጠውን ግን ጠራጊዋ ሳታነሳው ይላኩልኝ፤ ትከሻዋ ነው።